«ጀልባ መፋቅ፤ ልምድ አያስፈልግም» ስለሚለው ማስታወቂያ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ባለፈው እትማችሁ፣ ፀደይ ሲገባ በሜሪላንድ ዳርቻ ስለሚከፈቱ ጊዜያዊ ሥራዎች ለአዲስ መጤ ወገኖቻችን ባወጣችሁት ዝርዝር ውስጥ «ጀልባ መፋቅ፤ ልምድ አያስፈልግም፤ ክፍያ በየቀኑ» የሚል አንድ መስመር አንብቤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ዝርዝሩ በቀና ልብ እንደተዘጋጀ አልጠራጠርም፤ እኔም ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚህ አናፖሊስ የመጀመሪያ ገቢዬን ያገኘሁት በአፍ የተነገረኝን እንዲሁ ያለ ማስታወቂያ ተከትዬ ነው። ነገር ግን ሥራው ልምድ ይጠይቃል። ከልምዱም ይልቅ የሚፋቀው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል፤ ከጀልባው ሆድ ላይ ተፍቆ የሚነሣው አቧራ መርዝ ነውና። ይህን ስል እያጋነንሁ አይደለም፤ ቀለሙ የተቀመመው በውሃ ውስጥ ያለ ሕይወት ጀልባው ላይ እንዳይለጠፍ እንዲገድልና እንዲያባርር ነው፤ ጣሳው ላይም ይኸው ተጽፎበታል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ስምንት ዓመት በአንድ ጋራዥ ውስጥ ከባቲላሜራዎች ጎን የመኪና ቀለም ቀቢ ነበርሁ። ስቱኮ መለጠፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ በአኳራጅ ጠርጎ ቀለም መርጨት እንጀራዬ ስለነበር፣ ጀልባም ጎማ የሌለው መኪና መስሎኝ ነበር የገባሁበት። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ብዙው ባለ ሸራ ጀልባ ቅዝቃዜው ሊጀምር ሲል በትልቅ ማንሻ ከውሃ ይወጣና፣ ከሆዱ ሥር በወረደው የእርሳስ ወይም የብረት ክንፍ በእንጨት ግንድ ላይ ቆሞ፣ ግራና ቀኙን በብረት ድጋፎች ተይዞ፣ የበረዶውን ወራት በየብስ ያሳልፋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባለቤቶቹ ብቅ ይላሉ፤ ውሃ ውስጥ የሚውለው የታችኛው ክፍል ተፍቆ፣ ተለስልሶና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ቶሎ ወደ ውሃ እንዲመለስ ይፈልጋሉ። ኢስትፖርት በሚባለው የአናፖሊስ ሠፈር ሰዎች ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት የመጋቢት ቀን ተሰብስበው የብርዱን ወራት ካልሲያቸውን በእሳት ያቃጥላሉ፤ የጀልባ ሰው እስከ መኸር ካልሲ አያደርግም ለማለት ነው አሉ። ለእኛ ለቀለም ሠራተኞች ግን ፀደይ መግባቱ የሚታወቀው በማለስለሻ ማሽኖቹ ጩኸት ነው።

የመጀመሪያው ጀልባዬ ዐሥር ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሆዱ ሰማያዊ የሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ነበር። አሠሪው ማሽንና አንድ የወረቀት ማስክ ሰጥቶኝ ሄደ። ማሽኑ አቧራ የሚስብ ቱቦ አልነበረውም። ሦስት ቀን ከጀልባው ሥር አንጋጥጬ ፋቅሁ። በመጀመሪያው ቀን ማታ አፌ ውስጥ ሳንቲም ስጠባ የዋልሁ ያህል የብረት ጣዕም ተሰማኝ፤ በማግስቱ ንፍጤ ሰማያዊ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትራሴ ላይ የጉንጬ ቅርጽ ታትሞ ቀረ። ከሥራ ስመለስ ሮጣ የምታቅፈኝ ትንሿ ልጄ፣ ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዟ ላይ ሰማያዊ የመዳፌን አሻራ ይዛ ስትመለስ እናቷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቱታዬንም ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ማሽን አጠብነው። ያን ሳቅ ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ያስቆሙኝ አጠገባችን በነበረ ጀልባ ላይ ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ምጽዋ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ከሩቅ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ቀለሙን በልተህ ልትጨርሰው ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያም ከመኪናቸው ሁለት ሐምራዊ ማጣሪያ የተገጠመለት የጎማ ማስክ አምጥተው፣ ማሰሪያውን ራሳቸው ጭንቅላቴ ላይ አጠበቁልኝ። «እኛ የመርከብ ዝገት በመዶሻ ስናራግፍ ምን እንደምንተነፍስ የነገረን አልነበረም፤ አንተ ግን ይኸው ሰምተሃል» ያሉኝን አልረሳውም። የዛሬው ደብዳቤዬ የእሳቸውን ቃል ማስተላለፍ ነው ቢባል ያስኬዳል።

መርዝነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 «አላርም» የተባለችውን የጦር መርከብ ሆድ፣ እንጨት በሚበሱ የባሕር ትሎችና በሚለጠፉ ፍጡራን እንዳይጎዳ ስስ የመዳብ ሉህ አለበሰው። መዳቡ የታሰበለትን ሠራ፤ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ሲመረመር ግን መዳቡን የነኩት የብረት ሚስማሮች ክፉኛ ተበልተው ተገኙ፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ደካማው ይበላልና። ከዚያ ስድሳ ዓመት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ኬሚስት በመዳቡ ላይ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ መዳቡ ሳይሟሟ እንደሚቆይ አሳየ። እውነትም መሟሟቱ ቆመ፤ ነገር ግን የባሕር ሣሩና ባለ ቅርፊቱ ፍጡር እንደ ልቡ ይበቅልበት ጀመር። ለካ መዳብ መርከብን የሚጠብቀው ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ነው። ዛሬ ከሃርድዌር መደብር የምንገዛው የጀልባ ሆድ ቀለም ሥራውም ይኸው ነው፤ በብዙዎቹ ጣሳዎች ውስጥ ከክብደቱ ሲሦው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመዳብ ኦክሳይድ ዱቄት ስለሆነ፣ ጋሎኑን ያነሣ ሰው ከክብደቱ ብቻ ምን እንደያዘ ይገምታል። እንግዲህ በውሃ ውስጥ እየሟሟ እንዲገድል የተሠራ ነገር ደቅቆ ወደ እርጥብ አፍንጫና ሳንባ ሲገባ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ለሠራተኛው ቅንጦት አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነት ደንብ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ በሚተነፈስ አየር ያለው የመዳብ አቧራ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የደነገገውም በከንቱ አልነበረም።

ከመዳቡ የባሰም ነበረ። ትሪቡቲልቲን የሚባል ቆርቆሮ ያለበት ቅመም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰፊው ከቀለም ጋር ይደባለቅ ነበር። በፈረንሳይ አርካሾን ባሕረ ሰላጤ የሚረቡትን ኦይስተር የሚባሉ ባለ ቅርፊት ፍጡራን ካጎሳቆለ በኋላ፣ ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎችንም የወንድ ብልት እስኪያበቅሉ ድረስ እንደሚያዛባ ከታየ በኋላ፣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1982 ርዝመታቸው ከ25 ሜትር ባነሰ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው፤ አሜሪካም በ1988 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ በ2001 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ ሕግ የሚከለክለው የሚቀባውን ነው፤ ቀድሞ የተቀባውን አያነሣም። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የተሠሩ ጀልባዎች ዛሬም በየግቢው ቆመዋል፤ በሆዳቸው ላይ የተደራረበው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብዙ ነው፤ ከታች ያለው ልጣጭ በማን እጅ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ጣሳ እንደተቀባ ባለቤቱም አያውቅም። ከሥሩ እርሳስ ያለበት ቀይ ቀለምም ሊኖር ይችላል።

«ልምድ አያስፈልግም» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ጀልባው ከውሃ በወጣበት ሰዓት ሆዱ ገና እርጥብ ሳለ በኃይለኛ ውሃ ካልታጠበ፣ ባርናክል የሚባሉት ነጫጭ ባለ ቅርፊት ፍጡራን ይደርቁና እንደ ሲሚንቶ ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ሁለት ቀን ይሆናል። እነሱን የምናነሣበት መፋቂያ ምላጩ ሁለት ሹል ማዕዘን ስላለው፣ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ማዕዘኖቹን በሞረድ ያዶለድማቸዋል፤ የማያውቅ ሰው በእያንዳንዱ ምት ጀልባው በተሠራበት ፋይበርግላስ (በሙጫ የደረቀ የመስታወት ክር) ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ ቦዩን ደግሞ ኋላ በስቱኮ የሚሞላው ሌላ ሰው ነው።

ወደ ማለስለሱ ስንመጣ የመኪና ቀለም ቀቢ ትዕቢቴ ዋጋ አስከፍሎኛል። መኪና ላይ ፊት እስኪታይበት ማለስለስ ሙያ ነው፤ ጀልባ ሆድ ላይ ግን ቀለሙ የሚይዘው ሸካራ ነገር ይፈልጋል። ባለ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቂ ነው፤ እኔ ባለ 220 ይዤ ገላውን እንደ እንቁላል አደረግሁትና አለቃዬ እንደ አዲስ አስጀመረኝ። ማሽኑን መጫን አያስፈልግም፤ ክብደቱ ይበቃዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ካቆሙት ወይም ካዘነበሉት ግን ጎድጓዳ ያበጃል። ከቀለሙ ሥር ያለው ጄልኮት የሚባለው የጀልባው ቆዳ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አቧራው ከሰማያዊ ወደ ነጭ ሲለወጥ እጅ መቆም አለበት፤ ከነጩ አልፎ የፋይበርግላሱ ክር ከታየ ጀልባው ቆስሏል ማለት ነው። ጋሼ ያስተማሩኝ አንድ ዘዴ አለ፦ ሊለሰልስ የታሰበውን ቦታ በተራ የጽሕፈት እርሳስ እንደ ሕፃን መሞነጫጨር፣ ከዚያም ጭረቱ ሁሉ እስኪጠፋ ብቻ ማለስለስ። ጭረቱ የቀረበት ቦታ አልተነካም፤ ጭረቱ የጠፋበት ቦታ በቅቶታል። ከዚህ የረከሰ መሣሪያ አላየሁም።

ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ያልነካው ጀልባ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ከቅርጽ ማውጫው እንዳይጣበቅ የተቀባው ሰም ቆዳው ላይ ይቀራል። ሰሙ በማሟሟያ ሳይነሣ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ወረቀቱ ሰሙን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይገፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባው ቀለም ለጊዜው ያምራል። እኔ እንዲህ አድርጌ የቀባሁት አንድ ጀልባ ነሐሴ ላይ ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ ታየ፤ ያን ጀልባ በነጻ ደግሜ ሠርቻለሁ። ትክክለኛው መንገድ በአንድ እጅ በማሟሟያ የራሰ ጨርቅ፣ በሌላው እጅ ደረቅ ጨርቅ ይዞ፣ ፈሳሹ ሳይተን ሰሙን ተከትሎ መጥረግና ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው። ሰሙ መነሣቱን ለማወቅ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል፤ ውሃው እንደ ጤዛ ከተንጠባጠበ ሰም አለ፤ እንደ አንሶላ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው።

ለዓመታት ውሃ ውስጥ የቆየ ጀልባ ሆድ ላይ አንዳንዴ እብጠት ይገኛል። ውሃ በቆዳው ሰርጎ ገብቶ ከውስጥ ያገኘውን ኬሚካል ሲያሟሟ የሚፈጠር ነው፤ ሲፈነዳ ተጨንቆ የቆየ፣ የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሲዳማ ፈሳሽ ይረጫል። መነጽር ሳያደርግ በመፋቂያ ጫፍ የወጋ አንድ ባልደረባዬ ዓይኑን ይዞ ወደ ውሃ ቧንቧ ሲሮጥ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ጀልባ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ደርቆ፣ ተሞልቶ ነው ውሃ የሚከለክለው ኢፖክሲ በበርካታ እጅ የሚቀባው። የኢፖክሲውና የመዳብ ቀለሙ መገናኛ ሰዓት በአውራ ጣት ይለካል፤ ጣት ሲጫንበት ትንሽ እየሳበ አሻራ የሚቀርበት፣ ነገር ግን ጣት ላይ ምንም የማይነካበት ጊዜ ነው። ያቺ ሰዓት ካለፈችና ከጠነከረ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት መጀመር ነው። ስለ ቀቡ ብዙ አልልም፤ በደንብ የተዘጋጀ ሆድ በሮለር ሁለት እጅ ለመቀባት ግማሽ ቀን አይፈጅም። በጀልባው የብረት ክፍሎች ላይ የሚታሰሩትን የዚንክ ቁራጮች ግን ማንም ቀለም አይቀባቸው፤ ዴቪ እንዳሳየው መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ እንዲሆኑ ነውና የታሰሩት፣ ቀለም ሲለብሱ ሥራቸውን ያቆማሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። በዚህ ሥራ ለሚሰማራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ማሽኑ ሄፓ የሚባል ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ካለው ቫኪዩም ጋር በቱቦ የተያያዘ መሆኑ ነው፤ አቧራው ከወረቀቱ ሥር ሳይነሣ ይሳባል። አሁን በርካታ የጀልባ ግቢዎች፣ ባሕረ ሰላጤውንም ለመጠበቅ ሲሉ፣ ያለዚህ ማሽን ማለስለስን ከልክለዋል፤ ከጀልባው ሥር ሸራ ይነጠፋል፤ የተፋቀውም ተጠርጎ ይወሰዳል። ቫኪዩም ቢኖርም ማስክ አይቀርም፤ የወረቀቱ ሳይሆን ፊት ላይ የሚገጥመው፣ ባለ ሐምራዊ ማጣሪያው። ጺም ያለው ሰው ይህ ማስክ አይገጥምለትም፤ አየሩ በጺሙ መካከል ይገባል። ስለ እምነቱም ይሁን ስለ ሌላ ምክንያት ጺሙን የማይላጭ ሰው በባትሪ ንጹሕ አየር የሚነፋ ባለ ቆብ ማስክ እንዳለ አውቆ ይጠይቅ።

የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። የሥራው ወቅት ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ተቻኩሎ የምሳ ዕቃውን ይከፍታል፤ እኛ ደግሞ የምንበላው በእጃችን ነው። በጥፍር ሥር የገባው ሰማያዊ ዱቄት ከሽሮው ጋር በቀጥታ ወደ አፍ ይሄዳል። ጓንት አውልቆ፣ እስከ ክርን በሳሙና ታጥቦ፣ ከጀልባው ርቆ መብላት እንደ ጸሎቱ የማይዘለል ይሁን። ቱታው ሥራ ቦታ ይቅር፤ ለብቻውም ይታጠብ፤ ሰውየው ልጁን ሳያቅፍ ገላውን ይታጠብ።

አሠሪው ቅጥረኛውን በዚህ አቧራ ውስጥ የሚያሠራ ከሆነ፣ ተገቢውን ማስክ በራሱ ወጪ ማቅረብ፣ ፊት ላይ መግጠሙን ማስፈተሽና አስቀድሞ የሐኪም ምዘና ማስደረግ የፌዴራል ሕግ ግዴታው ነው። የቀለሙን የደኅንነት መግለጫ ወረቀት ማየት የሠራተኛው መብት ነው፤ ሥልጠናውም ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ መሰጠት አለበት። ይህ የማይሟላበት ሰው ለሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1-800-321-6742 ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅና ስሙ ለአሠሪው እንዳይገለጥ ማሳሰብ ይችላል። ቀን በቀን በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው «አንተ የራስህ ሥራ ተቋራጭ ነህ» እየተባለ ይህ ሁሉ አይመለከትህም እንደሚባል አውቃለሁ፤ እኔም ተብያለሁ። አባባሉ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም፤ ሠራተኛ መሆንና አለመሆኑን የሚወስነው ሥራውን ማን እንደሚያዝ እንጂ ክፍያው በፖስታ መሆኑ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከአቧራው ይልቅ ፈጥኖ የሚገድል ስለሆነ። ጀልባውን ግራና ቀኝ የያዙት የብረት ድጋፎች እንደ ክሪክ በመጠምዘዣ የሚላሉ ስለሆኑ፣ መዳፋቸው የሸፈነውን ቦታ ለማለስለስ ሲል አንዱን አላልቶ የሚያነሣ አዲስ ሠራተኛ አይጠፋም። ብዙ ሺህ ኪሎ የሚመዝን ጀልባ ከሥሩ እያለ ማንም ድጋፍ አይንካ፤ ድጋፎቹን የሚያዘዋውሩት የግቢው ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጥንድ ጥንዱን የሚያያይዘው ሰንሰለትም አይፈታ።

ስለዚህ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ማስታወቂያው በሚቀጥለው እትም የሚደገም ከሆነ «ልምድ አያስፈልግም» የሚለው ወጥቶ «ቫኪዩም ያለው ማሽንና ባለ ማጣሪያ ማስክ በአሠሪው የሚቀርብ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ» የሚል እንዲተካበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበበ «ክፍያ በየቀኑ» የሚለውን ማውጣት ይቻላል፤ እሱን ማንም ሳይነገረው ይጠይቃል። ማሽኑንና ማስኩን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ መጀመር የሚፈልግ ቢኖር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼም እኔም ግቢው ውስጥ አንጠፋም፤ አድራሻችንን ለዝግጅት ክፍላችሁ ትተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀልባ ቀለም ሠራተኛ
አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ